በቁልቋል አበባ ወራት ዛሪማ ይወርዱ የነበሩት የአቶ ገዱ ገሠሠ ታሪክ

አቶ ገዱ ገሠሠ ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ ተገኘ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንቄ ውቤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1946 ዓ.ም. ከዳባት ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የደጋ መንደር ተወለዱ። በአርባ ቀናቸው ተጠምቀው ገብረ ሚካኤል ተባሉ። ከስምንት ልጆች አምስተኛው ነበሩ፤ ዛሬ ከስምንቱ በሕይወት ያለ የለም።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ የበኩር ልጃቸው በለጠች ነኝ። የሚያነብላችሁ የአጎቴ ልጅ አንዱዓለም ነው፤ እኔ እንዳላነበው ድምፄ አይታመንም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲነበብ ሟች ሁሉ ደግ፣ ሁሉ ሩኅሩኅ፣ ሁሉ ለተቸገረ ደራሽ ይሆናል። የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው። ከዚያም «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይባላል። እኔን ግን ያድርገኝ። ሟቹን ከወቀስሁ በኋላ ወደ ራሴ ስለምመጣ እስከዚያ ታገሡኝ። እንዲህ አድርጌ እንድጽፍ ያዘዙኝ እናቴ ወይዘሮ ዓለምዬ ወርቅነህ ናቸው። እነሆ ከፊት ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ትናንት ሦስት ጊዜ አስነብበውኛልና አንዲት መስመር ብትዘለል ያውቃሉ።

አቶ ገዱ በልጅነታቸው ከቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደገሙ። ቀጥሎም ዳባት ላይ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1964 ዓ.ም. በመንገድ ጥገና ሥራ በቀን ሠራተኝነት ተቀጠሩ፤ ድንጋይ ከመልቀም ተነሥተው ግሬደር ነጂ፣ በመጨረሻም የሊማሊሞ ቁልቁለት ፎርማን ሆኑ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ክረምት የናደውን በበጋ ሲጠግኑ፣ በበጋ የጠገኑት በክረምት ሲናድባቸው ኖሩ። በሠራተኞቻቸው ዘንድ የተፈሩ ነበሩ። ከሁሉ የጠበቀው ሕጋቸው የቁልቋል ነበር። የቁልቋል ወተት ዓይን ያጠፋልና፣ መንገድ ለማስፋት ቁልቋል የሚቆርጥ ሰው ዓይኑን በጨርቅ ሳይጋርድ ገጀራ ካነሣ በዚያው ዕለት ከሥራ ይባረራል። በዚህ ምክንያት ሦስት ሰው አባረዋል። አንዱ የአምስት ልጆች አባት ነበር፤ ቢለመኑ እምቢ አሉ።

በ1972 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓለምዬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እኔንና ወንድሜን ደርቤን ወለዱ። አባቴ የሚኖሩት የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ስለነበር ቤት የሚመጡት በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ነው። ሲመጡም ይተኛሉ። ወንድሜን በስሜ፣ እኔን በወንድሜ ስም የሚጠሩበት ጊዜ ነበር። ሊማሊሞ ላይ የምትውለውን አንዲት አንካሳ ዝንጀሮ ግን ከመንጋው መካከል ለይተው ያውቋት ነበር፤ ከነልጆቿ።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ያን ጊዜ ቤታቸው ተቀምጠው ይጦራሉ ብለን ነበር። እርሳቸው ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው አዲ አርቃይ በሚሄደው የጠዋት መኪና ተሳፍረው ቁልቁል ወረዱ። «ምን ሊሠሩ?» ብንል «ላየው» አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ዓይናቸው መንገዱ ላይ ስለነበር ዳርና ዳሩን አላዩትም ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ወረዱ። እኔ በሙያዬ ለቱሪስት መኪና የማከራይና የምነዳ ስለሆንሁ፣ አንድ እንግዳ የሰጠኝን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ሰጠኋቸው፤ ከአንገታቸው አልወለቀም። ከሊማሊሞ በታች ቆላው ላይ ካለችው ዛሪማ ወርደው ከደረቅ ወንዝ ዳር ይቀመጣሉ። ሰስ ከቋጥኝ ቋጥኝ ስትዘል፣ ጅግራ በአሸዋው ላይ ስትሮጥ፣ አርጃኖ ፀሐይ ሲሞቅ፣ እሬት በየገደሉ ቀይ ሲያወጣ ያያሉ። ከሁሉ በላይ የሚጠብቁት ግን ኅዳርን ነው። በኅዳር ቁልቋሉ ከጫፍ ጫፉ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ንቡ ሲንጫጫበት ከመንገድ ይሰማል። በግሬደራቸው ስንቱን እንደዚያ ያለ ዛፍ ገፍተው ገደል እንደጨመሩ አልጠየቅኋቸውም። እርሳቸውም አላነሡትም።

ኅዳር 9 ቀን 2010 ዓ.ም. እናቴን ይዘው ወረዱ። እናቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደባርቅ ወደ ታች ወርደው አያውቁም ነበር። አባቴ አበባውን በቅርብ ሊያሳዩ ፈለጉ። ቅርንጫፉ ከፍ ያለ ስለሆነ በከዘራቸው እጀታ ስበው አዘነበሉት። ተሰበረ። ወተቱም በእናቴ በሁለቱም ዓይኖች ላይ ተረጨ። ዓይናቸውን የጋረደላቸው ጨርቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንዱዓለም ቀስ ብሎ ያንብብ። ዛሪማ አንዲት የምታጠባ ሴት ጡቷን አልባ ዓይናቸውን አጠበችላቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣት። ደባርቅ ሲደርሱም ያያቸው ሐኪም «ዛሬውኑ ጎንደር ይውሰዷቸው» አለ። አቶ ገዱ አልወሰዱም። «የቁልቋል ፎርማን ሚስቱን በቁልቋል አሳወራት» መባልን ፈሩ። ለጎረቤት «ምች መታት» አሉ። ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ሀብተ ሚካኤልም «ምች ነው» አሏቸው፤ እርሳቸውም እውነት መስሏቸው ጸበል ይጠመቁ አሉ። እናቴ ሰባት ቀን ተጠመቁ። ሰባቱንም ቀን «ቁልቋል ነው» ብለው ለሰው አልተናገሩም፤ ባላቸው እንዳይዋረዱ። እኔ ያን ሳምንት እንግዳ ይዤ ስሜን ተራራ ላይ አምባራስ ነበርሁ፤ ስልክ አይሠራም። በስምንተኛው ቀን መጥቼ ጎንደር ይዣቸው ስደርስ ሐኪሞቹ «በመጀመሪያው ቀን ብትመጡ» አሉ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አያዩም።

ባሎች ሁሉ ያጠፋሉ። ያጠፋ ሰው ግን ያጠፋበትን ነገር ይጠላዋል ብዬ አስብ ነበር። አቶ ገዱ አንድ ዓመት ብቻ ቆይተው እንደገና ወረዱ። ያውም እናቴን በእጃቸው እየመሩ። ጎትተው የወሰዷቸው መስሎኝ ተቆጣሁ። «እኔ ነኝ ውሰደኝ ያልሁት፤ ምን አገባሽ?» አሉኝ እናቴ። አንድ ቀን እኔው ነድቼ አደረስኋቸው። አባቴ እናቴን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው መነጽራቸውን አነሡና ይነግሯቸው ጀመር። «ዓለም፣ ከፊትሽ ያለው ገና ግማሹ ነው ያበበው። ከወዲያ ማዶ ያለው ግን ሙሉ ነው፤ እንደ ብጫ ጥለት ዙሪያውን ይዞታል። ሽኮኮ ከሥሩ ወጥታ ታይሻለች።» እናቴም «ወዴት ዞረች አሁን?» ይላሉ። «ወደ ጉድጓዷ።» «ፈራችን?» «አንቺን ማን ይፈራል!» ሁለቱም ይሥቃሉ። እኔ ከመኪናው ጀርባ ቆሜ ጥርሴን ነከስሁ። ያሳወራትን ዛፍ ለታወረችው ሚስቱ የሚያሞግስ ሰው አባቴ በመሆኑ አፈርሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በመኪናዬ ወስጄያቸው አላውቅም። በአውቶቡስ ይሂዱ አልሁ። መንገዱ በጦርነት እስኪዘጋ በአውቶቡስ ሄዱ፤ ሲከፈትም በአውቶቡስ ሄዱ።

መምሬ ሀብተ ሚካኤል ይህን አውቀው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉኝ ነበር። እኔ ጸሎቱንም ቂሙንም ያዝሁ።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ አቶ ገዱ በጉበት ሕመም ታመሙ። ጎንደርም አዲስ አበባም ታክመው አልተሻላቸውም። ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ አልጋ ያዙ፤ ያስታመምኋቸውም እኔ ነኝ። ገላቸውን አጥቤያለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሰጥቻለሁ፣ አንሶላቸውን በየቀኑ ቀይሬያለሁ። በዚህ የሚወቅሰኝ የለም። ጥቅምት 28 ቀን እንደ አገራችን ወግ የንስሐ አባታቸውና ሦስት ሽማግሌዎች ባሉበት ኑዛዜ ተናገሩ። ቤቱን ለእናቴ አሉ፤ ተጻፈ። መነጽሩን ለደርቤ አሉ፤ ተጻፈ። ቀጥለውም «ቁልቋሉ ሲያብብ ዛሪማ አውርዱኝና ከዓለም ጋር ልየው» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «አቶ ገዱ፣ ኑዛዜ እኮ ከሞት በኋላ ለሚሆነው ነው። ይህን ለልጅዎ ይንገሯት» አሏቸው። አልተጻፈም። ስለዚህ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ላይ ወደቀ።

መኪናዬ ግቢ ውስጥ፣ ከመስኮታቸው ፊት ቆሞ ነበር። እንግዳ ስለሌለ ሥራ አልነበረኝም። ነዳጅም ነበረው። የኋላው ወንበር ሲተኛ አልጋ ይሆናል፤ የታመመ ፈረንጅ አስተኝቼበት አውቃለሁ። ሐኪሙንም ጠይቄው «ቀስ ተብሎ ከተነዳ ምንም አይሆኑም፤ ደስ ካላቸው ይሂዱ» ብሎኛል። ይህን ለማንም አልነገርሁም። አባቴ በየጠዋቱ «በለጡ፣ አበበ ይሆን?» ይላሉ። «ገና ነው አባዬ» እላለሁ። እናቴ ከአልጋው ሥር ተቀምጠው «ከታች ለሚመጣ ሰው ጠይቂለት እንጂ» ይሉኛል። «እሺ» እላለሁ።

ባለፈው እሑድ፣ ኅዳር 21 ቀን፣ ለጽዮን ማርያም ዛሪማ የሚሄዱ ዘመዶች ይዤ ወረድሁ። ከሊማሊሞ ግርጌ ጀምሮ መንገዱ ግራና ቀኙ ቢጫ ነበር። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እዚያ መኪናዬን አቁሜ ወረድሁና ቆምሁ፤ ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። ያማረ ነገር ነው። ሲያዩት የኖሩትን ነገር በሰባ ሁለተኛ ዓመታቸው ለምን እንደፈለጉት ገባኝ። ገብቶኝም ቤት ስደርስ፣ አባቴ ከትራሳቸው ቀና ብለው «በለጡ፣ ከታች ነው የመጣሽ? አብቧል?» ሲሉኝ፣ እናቴን አየኋቸው። እንደ ሁልጊዜው ፊታቸውን ወደ ድምፃችን አዙረው በባዶ ዓይን ይጠብቃሉ። ያኔ አፌ እንዲህ አለ፦ «ዘንድሮ ቀድሞ አብቦ ረግፏል አባዬ። ምንም የለም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አባቴ «አሃ» ብቻ አሉ። «እንግዲያ ይበቃል» ብለውም ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለ አበባ አልጠየቁም። መድኃኒትም አልወስድ አሉ። ውኃ በማንኪያ ስንሰጣቸው ጥርሳቸውን ገጠሙ። ሐሙስ ኅዳር 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰባ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ደስ ብሎኝ ነበር? እሑድ ዕለት፣ ያን ቃል በተናገርሁበት ሰዓት፣ አዎ። ለአንድ ሰዓት ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

ደርቤ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ቀብሩ ለዛሬ ተላለፈ። ዓርብ የዛሪማ ዘመዶች ለለቅሶ መጡ። አንዲት ሴት እናቴን አቅፈው እያለቀሱ «አይ ገዱ! ያ ቁልቋል እንዲያ አብቦ፣ ሳያየው!» አሉ። እናቴ ማልቀሳቸውን አቆሙ። «መቼ ነው ያበበው?» አሉ። «ይኸው ካበበ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ዛሬም እንዳለ ነው» አሏቸው። እናቴ ድንኳኑ ውስጥ በስሜ ጠሩኝ። ስቀርብ ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱ፤ እኔ መሆኔን ሊያረጋግጡ ነው። «እኔ ስለ ዓይኔ ይቅር ያልሁት ሰው ነው። በማን ዓይን ነው የተበቀልሽው?» አሉኝ። «እሱ ይነግረኝ ነበር። እሱ ሲያይ አያለሁ። የዘንድሮውን ለሁለታችንም ነው ያረገፍሽው» አሉ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል «ለንስሐ አባቷ ትናዘዝ፤ በአደባባይ ምን ያደርጋል?» ብለው ለመኑልኝ። እናቴ ግን «እሱ ምች ነው ብሎ ደበቀ፤ መደበቅ ያመጣውን አይተናል። ይጻፍ፣ ይነበብ» አሉ። ተጻፈ፤ ይኸው ተነበበ።

አቶ ገዱ ገሠሠ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዓለምዬ ወርቅነህን፣ ልጆቻቸውን በለጠችንና ደርቤን፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። ያጠፉትን ያጠፉት ፈርተው ነው፤ እኔ ያጠፋሁት ሳልፈራ ነው። እግዚአብሔር የእርሳቸውን በፍርሃታቸው መጠን ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን ብርድም ሐሩርም ከሌለበት ያሳርፍልን። ለእኔ እንድትጸልዩ አልለምንም፤ እናቴም አልፈቀዱም።

እናቴ አንድ ነገር ጨምረው አዘዋል። አንዱዓለም አንብቦ ሲጨርስ አስከሬኑ አጠገብ ቀርቤ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባዬ፣ አብቧል» እንድል ነው። እላለሁ። እሑድ ብላቸው ኖሮ ይሰሙኝ ነበር።