በሶፊው የድንጋይ ክብ ውስጥ ቆሞ ስለነበረው የአባታችን የመቃብር ድንጋይ

ለሶፊ ጥንታዊ የድንጋይ ክብ እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐረር

ቀን፦ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በወንድሜ ላይ የቀረበው ቅርስ የማፍረስ ክስ እንዲነሳና የክቡ መግቢያ ክፍት ሆኖ እንዲቀር ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ሩቂያ ዑመር ሐረር ከተማ ፈላና በር በሚባለው ሰፈር ጨርቅ በመሸጥ የምተዳደር ስሆን፣ እናቴ ወ/ሮ ሳዳ እና ወንድሜ ነስሮ ሶፊ በሚገኘው የቤተሰባችን መሬት ላይ ጫት እያለሙ ይኖራሉ። ጥንታዊው ክብ ከእርሻችን ጋር ይዋሰናል። መሥሪያ ቤትዎ የወደቁትን ድንጋዮች መልሶ ሊያቆም ሲመጣ ደስ ብሎን ነበር፤ ነስሮ ለሠራተኞቹ ውሃ ሲያመላልስ ከረመ።

1. ሥራውን የመሩት አቶ ኒቆዲሞስ በክቡ ምሥራቃዊ ጎን አንድ ክፍተት አገኙ። ክፍተት አይወዱም መሰለኝ፣ እናቴን ለሕክምና ወደ ከተማ ባመጣናት ቀን ከአባታችን መቃብር ራስጌ ላይ ጽሑፍ የሌለበትን ድንጋይ አስነቅለው እዚያ በሲሚንቶ አቆሙት። ስንመለስ ክቡ ሞልቷል፣ መቃብሩ ጎድሏል። አባታችን ያረፈው በ2004 ዓ.ም. ነው። ክቡ አጠገብ በተተከለው የማብራሪያ ሰሌዳ ላይ ግን ድንጋዩ የሦስት ሺህ ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶታል። አባታችን መከበር የሚወድ ሰው ነበር፤ ይህን ያህል ግን አልጠየቀም።

2. አቤት ስንል አቶ ኒቆዲሞስ ድንጋዩን ድሮውንም ከክቡ የወሰድነው እኛ መሆናችንን፣ ማስረጃውም ክቡ ያለ እሱ አለመሙላቱ መሆኑን አስረዱን። ነስሮ ከጎረቤቶቹ ጋር ከወንዝ ዳር ተሸክሞ እንዳመጣው ቢናገርም የሚሰማው አላገኘም።

3. በአቤቱታችን ብዛት የክቡን ጥንታዊ አቀማመጥ የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ወ/ሪት ሀናን ከየድንጋዩ ሥር ቆፍረው መረመሩ። ከሌሎቹ ሥር ጥንት የተቆፈረ ጉድጓድና መደገፊያ ጠጠር ተገኘ። ከአባታችን ድንጋይ ሥር ግን ከአዲሱ ሲሚንቶ በታች ጉድጓድ የለም፤ በእግር ብዛት የጠነከረ አፈር ብቻ ነው። እዚያ ድንጋይ ቆሞ እንደማያውቅ፣ ቦታው የክቡ መግቢያ እንደነበረ ለኮሚቴው ተናገሩ። ኮሚቴው አመሰገናቸው። ከዚያም ዛፍ ጥላ ሥር ምሳውን በልቶ ጉዳዩን ለድምፅ አቀረበ። የጥንት ሰዎች መግቢያ እንዳልነበራቸው በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። በየት ይገቡ እንደነበር በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም።

4. እናቴ ዓርብ ዓርብ ዱዓ ለማድረግ ከመቃብሩ ይልቅ ወደ ክቡ መሄድ ጀመረች። አንድ ዓርብ እጇን ድንጋዩ ላይ ስታሳርፍ ጥበቃው አንዋር፣ «እማማ፣ ቅርስ በእጅ አይነካም» አላት።

እሷም፣ «ልጄ፣ ቅርስ አይደለም፤ ባሌ ነው» አለችው።

አንዋር ሰው ነውና ትቷት ሄደ። አለቆቹ ግን ይህን ሲሰሙ ድንጋዩን በገመድ አስከበቡት። በተከታዩ ዓርብ እናቴ ከገመዱ ውጭ ቆማ ዱዓ ስታደርግ ነስሮ አያት።

5. በዚያው ዕለት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነስሮ ከጎረቤቶቹ ጋር ድንጋዩን ነቅሎ ወደ መቃብሩ መለሰው። እናቴ አፈሩን በእጇ ደለደለች። ድንጋዩ ከተወሰደ ጀምሮ እንባ አልወጣትም ነበር፤ ያን ቀን ግን አለቀሰች። በማግስቱ ለነስሮ ከፖሊስ መጥሪያ መጣ። መቃብር ያፈረሱት እስካሁን የተጠየቁት ነገር የለም።

ስለሆነም በወንድሜ ላይ ያቀረባችሁት ክስ እንዲነሳ፣ ወ/ሪት ሀናን ያገኙት መግቢያ እንዳይደፈን፣ ሰሌዳውም እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ።

ኮሚቴው አሁንም ድንጋዩ የክቡ ነው የሚል ከሆነ መጥቶ ይውሰደው፤ ነስሮ እንደማይከለክል ቃሌን እሰጣለሁ። ብቻ እናቴ አሁን ዓርብን ሳትጠብቅ በየቀኑ መቃብሩ ላይ ድንጋዩን ተደግፋ ትቀመጣለች። መጀመሪያ እሷን «ተነሺ» የሚላት ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ እለምናለሁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ከሚገባው አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ሩቂያ ዑመር
(ፊርማ)