የጥሩሸዋ ቤት

ጥቅምት 9 ቀን 1959 ዓ.ም.
ግሼ። ዛሬም የሕዝብና የቤት ቆጠራ። ሰው ስንት፣ በግ ስንት፣ ግድግዳው ምንድን ነው... ግድግዳው ሁሉ ድንጋይ፣ ክዳኑ ሁሉ የጓሳ ሣር። ብርዱ ጣቴን አደንዝዞታል። የሚመሩኝ ጭቃ ሹሙ አቶ አባይነህ ናቸው። አንዲት አሮጊት፣ "ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት መጣ። አንተስ ምን ልታመጣብን ነው?" አሉኝ። ሳቅን።

ጥቅምት 11
ጥሩሸዋ የምትባል ሴት ቤት ገባን። ባሏ በሐምሌ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። የባሏ ወንድም ዳኜ ተከትሎን ገባ።
"የቤቱ ባለቤት ማን ልበል?"
"እኔ ነኛ! ድንጋዩን በጀርባዬ ተሸክሜ ከባሌ ጋር የሠራሁት።"
ዳኜ መሬቱን በዱላው መታ። "የወንድሜ ቤት ነው! መካን ሴት ምን ቤት አላት?"
በእሷ ስም ጻፍሁ። ታዲያ ማንን ልጻፍ? የምትኖርበት እሷ...
"ጻፍ፣ ጻፍ" አለኝ ሲወጣ። "ነገ ቤቱ ቆሞ ካገኘኸው።"

ጥቅምት 13
ማታ ነው የምጽፈው።
ጠዋት ከማዶ ጭስ አየን። ሮጥን። የጥሩሸዋ ቤት ይነዳል። ዳኜ የበሬዋን ቋንጃ በመጥረቢያ ቆርጦታል፤ በሬው በፊት እግሩ እየተንፏቀቀ ይጮኻል... ጥሩሸዋን ጸጉሯን ይዞ ወደ እሳቱ ይጎትታታል። አቶ አባይነህ "በንጉሥ አምላክ ቁም!" አሉ። ማን ሊሰማቸው!
ዘልዬ ክንዱን ያዝሁ። በመጥረቢያው እጀታ ግራ እጄን መታኝ። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። ወደቅሁ። መጥረቢያውን በላዬ ሲያነሳ ጥሩሸዋ ከእሳት ካወጣችው ዕቃ መካከል የወፍጮውን መጅ አንስታ ከኋላው መታችው። ከወደቀም በኋላ ደገመችው፤ ደጋገመችው።
"በቃሽ! ሞቷል!"
አልሰማችኝም።

ጥቅምት 14
ጥሩሸዋ ሸሽታ ቤተ ክርስቲያን ገባች። የዳኜ ወንድሞች ጦር ይዘው ቅጥሩን ከበቡ። "ደመኛችንን አውጡልን!"
ቄሱ መምሬ ወልደ ጻድቅ መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። "እኔን ረግጣችሁ ግቡ።"
ድንጋይ ወረወሩባቸው። ጥምጥማቸው በደም ራሰ። ንቅንቅ አላሉም። ከመሐል ሜዳ ከተማ ፖሊስ ደርሶ ጥሩሸዋን ወሰዳት።

ታኅሣሥ 20
ፍርድ ቤት ቀርቤ መሰከርሁ። የዳኜ ወንድሞች "ከመሰከርህ አንገትህን እንቆርጣለን" ብለው ልከውብኝ ነበር። ፈርቼ ነበር? በጣም። ግን ያየሁትን ሁሉ ተናገርሁ... ደጋግማ መምታቷንም።

ግንቦት 3
ፍርድ ቤቱ ነፍስ ለማዳን ያደረገችው ነው ብሎ ጥሩሸዋን ለቋታል። ሽማግሎች ደሙን አድርቀዋል። የግራ እጄ እንደ ድሮው አይጨብጥም። ሥራው ስላላለቀ ግሼ ተመልሻለሁ።
ከተቃጠለው ቤት ቦታ ሁለት ሴቶች ግድግዳ ይክባሉ። አንዷ ጥሩሸዋ። ሌላዋን አላወቅኋትም።
"ኮከቤ ናት" አሉኝ አቶ አባይነህ ቀስ ብለው። "የዳኜ ሚስት።"
"ባሏን ከገደለችባት ሴት ጋር?!"
ኮከቤ ሰማችኝ። "የባሌ ወንድሞች መሬቱን ተካፍለው እኔን አባረሩኝ። የሚያስጠጋኝ ሳጣ ወደዚህ መጣሁ። ሂጂ አላለችኝም።"
ጥሩሸዋ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም። እስከ ማታ አየኋቸው። አንዷ ድንጋይ ታነሳለች፤ ሌላዋ ትቀበላታለች።