የገብስማዋ ምጥ

አስኩዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለያየን ክረምቱ ዞሮ ገባ። የቦንጋን ዝናብ ታውቂው የለ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ተረጋግቼ ልጽፍልሽ አልቻልኩም፤ አንድ መስመር እጽፍና እነሳለሁ፣ ካርቶኑን ከፍቼ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ገብስማዋ ዶሮሽ ናት። ከዶሮዎችሽ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፣ እሷም ልታመልጠኝ ነው።

ሰሞኑን ከጎጆዋ አልወጣ አለች። እኔ መቼም አስተማሪ ነኝ፣ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል። መታቀፍ አምሯት ነው ብዬ፣ እንድትረሳው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ቤት ወስጄ አሳደርኳት። ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ይዘዋት መጡ። እህል አልቀመሰችም፣ ጭራዋን ጥላ እንደ ሰው ቀጥ ብላ ቆማ ታምጣለች፣ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም። አቤት ስደነግጥ!

ባጃጅ ኮንትራት ይዤ እንስሳት ክሊኒክ በረርኩ። ሐኪሟ ሆዷን ዳሰሰችና እንቁላል ተቀርቅሮባት ነው አለችኝ። የካልሲየም መድኃኒት ሰጠቻት። ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ እንዳስቀምጣት፣ መውጫዋን በዘይት እንዳለሰልስ፣ ከዚያ ሙቅና ጨለም ያለ ቦታ እንዳሳርፋት ነገረችኝ። ሆዷን ግን እንዳትጫን፣ እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ አትተርፍም አለች። በመጨረሻ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት እሰጣት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እሁድ እሁድ ቅርፊቱን አድርቀሽ በሙቀጫ ስትወቅጪ፣ ደግሞ ለዶሮ ቅመም ተጀመረ እያልኩ አልነበር የምስቅብሽ? ለምን እንደምትወቅጪው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም። አንቺ ካረፍሽ ወዲህ ቅርፊቱን ስጥል ከረምኩ። ሙቀጫሽንም አልጋ ስር ከተትኩት፣ ማየቱን አልቻልኩማ።

ቆይ፣ ካርቶኑ ተንኳኳ መሰለኝ።

አስኩ፣ ጣለች! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ቅርፊቱ ከወረቀት አይሻልም፣ ግን ሳይሰበር ወጣ። አሁን ውሃ ጠጥታ ዓይኗን እያጉረጠረጠች ታየኛለች።

እኔም መቀመጥ አቃተኝ። ትናንት የጠበስኳቸውን እንቁላሎች ቅርፊት ከቆሻሻው ለቅሜ አጠብኩ፣ ምድጃው ላይ አደረቅኩ፣ ሙቀጫሽን ከአልጋ ስር ጎትቼ መውቀጥ ጀመርኩ። ብዙም ሳልወቅጥ እትዬ ዘይነባ የሙቀጫሽን ድምፅ ሰምተው ዝናቡን ጥሰው፣ ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወድቆ፣ እየሮጡ መጡ። በሩ ላይ ቆመው እጄ ላይ ያለውን ዘነዘና አዩ። ማንን ብለው እንደሮጡ ገባኝ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ።

ከእንግዲህ እሁድ እሁድ እወቅጣለሁ፣ ቃሌ ነው። እትዬ ዘይነባ ድምፁን ይለምዱታል። እኔ ግን እንዳልለምደው እፈልጋለሁ።

ነዝናዛው ባልሽ