በአግዳሚው ወንበር ፊት ቀስ ብለው ያለፉት አባት

አባታችን መንገድ ጠጋኝ ከነበሩት አባታቸውና የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ በማጠብ ቤቱን ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው፣ በ1942 ዓ.ም. ከጡብ ማምረቻው ጀርባ በምትገኝ ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። አያታችን ስለዚያ ምጥ ሲያወሩ፣ ሌሎቹ ልጆቼ ገፍተው ወጡ፣ ይሄኛው ግን ለመወለድም አልቸኮለ ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸውን ድንጋይ እግራቸውን ሰብሮ ከቤት ሲያውላቸው፣ ደብተራቸውን ለታናሽ እህታቸው ትተው የቀን ሥራ ገቡ። በዚያን ጊዜ በከተማው ሆስፒታል የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ሕንፃ ይሠራ ስለነበር ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆነው ተቀጠሩ። ሕንፃው አልቆ ግንበኞቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ሲሄዱ አባታችን ቀሩ። በ1963 ዓ.ም. እዚያው ሕንፃ ውስጥ የኦፕሬሽን ክፍል ተላላኪ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ማታ ማታ እየተማሩም ስምንተኛ ክፍልን አጠናቀቁ።

ሥራቸው በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ሐኪም ከፍቶ በዓይኑ እስኪያይ፣ ካየበትም ቦታ ቁራጭ ወስዶ እስኪያስመረምር ድረስ ስማቸው የማይታወቅ የሕፃናት በሽታዎች አሉ። የሐሞት መውረጃው ተዘግቶ የሚወለድ አለ፤ ምንነቱ የማይታወቅ እብጠት በሆዱ ይዞ የሚመጣ አለ፤ አንጀቱ ነርቭ የጎደለውም አለ። ሕፃኑ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሳለ ቁራጩ ከግቢው ማዶ ወዳለው ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ሐኪሙም እጁን አጣምሮ መልሱን ይጠብቃል። ያን ቁራጭ የሚያደርሱት አባታችን ነበሩ። ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር፣ በጨው ውሃ በራሰ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ክዳን ባላት ትንሽ ሳህን ይሰጣቸዋል። መልሱ ለሐኪሙ በስልክ ስለሚነገር፣ እሳቸው የሚመለሱት ባዶ እጃቸውን፣ ምንም ሳያውቁ ነበር።

ከኦፕሬሽን ክፍሉ በር እስከ ደረጃው ያለው ኮሪደር ጠባብ ነው። በአንድ ወገን ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ወላጆች የሚጠብቁት እዚያ ላይ ነው። ከወንበሩ በላይ ያለው ግድግዳ፣ ስንቱ የደከመው ሰው ራሱን ሲያስደግፍበት ኖሮ፣ በጭንቅላት ቁመት ልክ ቀለሙ ለቆ ወዝ ጠግቧል። አባታችን በሄዱ በመጡ ቁጥር የሚያልፉት በእነዚህ ሰዎች ጉልበት አጠገብ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ይሮጡ ነበር። ወጣት ስለነበሩ ማድረስ ማለት መሮጥ ይመስላቸው ነበር። አንድ ቀን ሳህኗን ይዘው ሲሮጡ፣ አግዳሚው ላይ የነበረ አንድ ሹፌር ልጄ ሞተ ብሎ ደመደመና ራሱን ከግድግዳው ጋር አጋጨ። ልጁ ደህና ነበር። የአባትየው ግንባር ግን ተተርትሮ፣ ከልጁ ቀድሞ እሱ ተሰፋ። ሠራተኛው ይህን እያነሣ ለዓመታት ሲስቅ አባታችን ግን አብረው አልሳቁም። በዚያው ዓመት ሥራ የጀመሩት፣ ኋላ የክፍሉ ዋና ነርስ የሆኑት ባልደረባቸው በዕለቱ ወደ ጎን ወስደው፣ «እዚህ ኮሪደር ላይ ከሮጥክ፣ አፍህን ሳትከፍት መርዶ ነገርክ ማለት ነው» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ በዚያ ኮሪደር ሲሮጡ ያያቸው የለም። ልጁ የሞተበትም፣ ልጁ የዳነለትም የሚያየው ያንኑ እርምጃ ነበር። ደረጃውን ወርደው፣ ከወላጆች ዓይን ተሰውረው ግቢው ውስጥ ሲገቡ ግን እግራቸውን ያፈጥኑ ነበር። ይህን የሚያውቁት ላቦራቶሪ ያሉት ብቻ ስለሆኑ፣ በሐኪሞች ዘንድ የተረፋቸው ስም ሌላ ነው። አንዱ ሐኪም፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት አንሥቶ «እንቁላሉ» አላቸው። ስሙ ከሐኪሙ ይልቅ በሆስፒታሉ ቆየ፤ እስከ መጨረሻው «ጋሽ እንቁላሉ» ሲባሉ ኖሩ። እኛም ልጆቻቸው ምሳ ይዘንላቸው ስንሄድ፣ የበር ጠባቂው ጫጩቶቹ መጡ እያለ በሩን ይከፍትልን ነበር።

በ1966 ዓ.ም. በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ይሠሩ ከነበሩት እናታችን ጋር ተጋብተው አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ። እናታችን፣ በሰርጌ ቀን እንኳን ሙሽራው ቀስ እያለ ሲመጣ የቀረ መስሎኝ ነበር እያሉ ዘመድ ያስቁ ነበር። አባታችን ከሥራ ሲገቡ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ይነክራሉ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ አይናገሩም፤ እኛም አንጠይቃቸውም። ውሎው ከፍቶ እንደሆነ የምናውቀው ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላም ዝም ካሉ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህታችን የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሕፃኗ ከተወለደች ጀምሮ ሆዷ በወጉ አልሠራም። ለቀናት ሳይወጣላት ይቆይና ሆዷ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ የጠባችውንም ታስመልሳለች። አንዱ ክሊኒክ ድርቀት ነው አለ፤ ሌላው ወተት ቀይሩ አለ። ጎረቤት ደግሞ የእናትየውን አበላል ወቀሰ። እህታችን ያልሞከረችው ምክር አልነበረም። ወራት እንዲህ ካለፉ በኋላ፣ ከልጅቷ ሰውነት ሆዷ ብቻ ቀርቶ ሌላው ሲከሳ፣ አባታችን እናትና ልጅን ይዘው ወደ ሚሠሩበት ክፍል ሄዱ። ሐኪሙ የታችኛው አንጀቷ ነርቭ ሳይኖረው እንደተፈጠረ ጠረጠሩ። እርግጡ የሚታወቀው ቁራጭ ተወስዶ ሲመረመር ነው፤ ጤነኛው አንጀት ከየት እንደሚጀምር የሚታወቀውም እንደዚሁ፣ ተከፍታ ሳለች፣ ከታች ወደ ላይ እየተቆረሰ ነው አሉ። የተነፋው አንጀት ሊቀደድ ስለሚችል ብዙ ጊዜ እንደሌለም አልደበቁም።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ዋና ነርሷ አባታችንን በሩ ላይ አስቁመው ሲያነጋግሯቸው፣ እህታችን ከአግዳሚው ላይ ታይ ነበር። የሚሉት አይሰማትም። አባቷ ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ ከዚያም የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ውስጥ ሲገቡ አየች። የገባት ነገር ግልጽ ነበር፦ አጠገቧ እንዲቀመጡ ፈቃድ ሲሰጣቸው እምቢ ብለው ሥራቸውን መረጡ።

ብዙም ሳይቆይ ሳህኗን ይዘው ወጡ። ውስጧ ያለው የማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እህታችን ብድግ ብላ፣ «አባዬ፣ ዛሬ እንኳን ሩጥልኝ» አለቻቸው።

በዚያው ወንበር ላይ የሌላ ሕፃን ወላጆች የልጃቸውን አንድ ጫማ ይዘው ተቀምጠው ነበር። አባታችን እርምጃቸውን ሳያፈጥኑ አለፉ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ገቡ፤ ሌላ ቁራጭ ይዘው ወጡ። የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች ነርቭ አልተገኘባቸውምና ሐኪሙ ወደ ላይ እየወጡ ይቆርሱ ነበር። እህታችን መጀመሪያ በዓይኗ ለመነቻቸው፤ ቀጥሎ ተቆጣቻቸው፤ በመጨረሻ ሲያልፉ ግን ቀና ብላም አላየቻቸው።

ጤነኛው አንጀት ተገኘ። ሐኪሙ ወጥተው፣ ለጊዜው ሰገራዋ የሚወጣበት ቀዳዳ ሆዷ ላይ እንደተሠራላት፣ ጉልበት ስታገኝ በሽተኛው ክፍል ተቆርጦ እንደሚቀጠልላት ነገሯት። አባታችን ሥራቸውን ጨርሰው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በፊቱ ሲመላለሱ ኖረው ሲቀመጡበት የመጀመሪያቸው ነበር። ወንበሩ ተንገዳገደ፤ ለካስ አንዱ እግሩ አጭር ኖሯል። እህታችን ተነሥታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። በማግስቱ አባታችን ከቤት ጠፍጣፋ እንጨት ይዘው ሄደው ያን እግር አስተካከሉት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት፣ አባታችን ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ወደ እህታችን ቤት እየሄዱ ሕፃኗን ያጥቡ፣ ሆዷ ላይ የሚለጠፈውን ከረጢት ይቀይሩ ነበር። እግራቸው አብጦ ጫማ ሲጠብባቸው እንኳን አንድም ቀን አልቀሩም። እህታችን በሩን ከፍታላቸው ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። «አባዬ» ማለቷን ትታ ነበር፤ «አንተ» ትላቸው የነበሩት ሰው «እርስዎ» ሆኑ። ጎረቤት ይህን ሲሰማ ልጅቷ ጨዋ ሆነች ብሎ አመሰገናት። እናታችን ግን አልተታለሉም፤ «ጨዋዋን ውሰዱና ባለጌዋን ልጄን መልሱልኝ» ይሉ ነበር። አባታችን ስለዚያ ቀን ለማንም ምንም አልተናገሩም።

ሕፃኗ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምናዎች ተደርገውላት አንጀቷ ተቀጠለ፤ የሆዷም ቀዳዳ ተዘጋ። በልታ የምትጠግብ፣ ወድቃ የምትነሣ እንደ ማንኛውም ልጅ ሆነች። በአባትና በልጅ መካከል የነበረው ግን እንዳለ ቀረ።

በ2002 ዓ.ም. አባታችን በጡረታ ሲሰናበቱ ክፍሉ ሽኝት አደረገላቸው። ዋና ነርሷ ንግግር አድርጉ ሲባሉ ያንን ቀን አነሡ። የቤተሰቡ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ ሠራተኛ እንዳይሠራ ልማድ ስለነበር፣ ዛሬ ከልጅህ ጋር ተቀመጥ፣ ቁራጩን አዲሱ ሠራተኛ ያድርስ ብለዋቸው ኖሯል። የመለሱላቸውንም ቃል በቃል ነገሩን፦ «አዲሱ ልጅ ይሮጣል። ሲሮጥ ካየች ልጄ እዚያው ትሞትብኛለች። እኔ ልሂድ፤ እኔን ብትቀየመኝ ይሻላል።»

እህታችን ከኋላ ወንበር ላይ ልጇን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሰው ሲያጨበጭብ እሷ አላጨበጨበችም። አባታችን የተሰጣቸውን ጃንጥላ ይዘው ሲመለሱ ልጇን ጉልበቷ ላይ አንሥታ ቦታ ለቀቀች፤ «አባዬ፣ ና እዚህ ተቀመጥ» አለቻቸው። እናታችን ይህን ሲሰሙ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በጡረታ ዘመናቸው የሰፈሩን ወንበር ሁሉ እየጠገኑ ኖሩ፤ የሚንገዳገድ ነገር አይወዱም ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የእግራቸው የደም ሥር እየጠበበ ሕመሙ ስለጸናባቸው ብዙ ታከሙ። መጀመሪያ ከዘራ ያዙ፤ ከዚያ ከቤት ዋሉ፤ በመጨረሻም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልባቸውም ደከመ። ያስታመመቻቸው በተለይ ይህችው ሆዷን ያጥቡላት የነበረችው የልጅ ልጃቸው ናት።

ባለፈው ወር ለሕክምና ስትወስዳቸው፣ ተራቸው እንዳያልፍ በአሮጌው ኮሪደር አቋርጣ እየገፋቻቸው ትጣደፍ ነበር። አባታችን በዚያ ድካማቸው እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ቀስ በይ ልጄ፤ ሰዎች ተቀምጠዋል» አሏት። ልጅቷ እርምጃዋን ቀነሰች። አግዳሚው ላይ ሹራብ የምትሠራ አንዲት እናት ነበረች። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያም ተመልሳ ወደ ሹራቧ አቀረቀረች።

አባታችን ሕመሙ ጸንቶባቸው ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት፣ በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ከድካማቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

በሕመማቸው ጊዜ ላልተለያችሁንና ዛሬም ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። አንድ ልመና አለን፤ ልመናው የታላቅ እህታችን ነው። ሣጥናቸውን የምትሸከሙ ወንድሞቻችን ትከሻችሁ ቢደክምም ቀስ በሉ፤ በመንገዱ ዳር ሰዎች ተቀምጠዋልና። ፈጣሪ ለደከሙት እግሮቻቸው ማረፊያ፣ ለነፍሳቸውም ማንም የማይጣደፍበት ስፍራ ይስጥልን።