ወንዝ የማይሻገሩ ጢንዚዛዎች

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ? ያ የሀያትስቪል ቤትሽ ማሞቂያ ተሠራ? እኔ ጉልበቴ አልፎ አልፎ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ደጋግሜ ኮል ባደርግ ስለማታነሺ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ።

ኖህ አንቺን እንዲጠይቁለት የላካቸውን ሽማግሌዎች ሁለተኛ ጊዜ በመመለሴ እንደተቆጣሽ ሰምቻለሁ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ የምትጠየቂው ከእኔ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ዘመድ ልጁን አቅልሏል ይባላል። ወግ ነው። ሁለተኛውም ያው ወግ ነው።

ስለ ጀርመናዊው የሰማሽው ግን ተጋኗል። ያነሳሁት ጨዋታ ለማሟሟቅ ነበር። ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲዬን አቁሜ መንገደኛ ስጠብቅ ያነበብኩት ነው፤ ሞሪትዝ ዋግነር የሚባል፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የኖረ ተመራማሪ። አልጄሪያ ውስጥ መብረር የማይችሉ ጢንዚዛዎች አየ፤ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉት ይመሳሰላሉ፣ ዘራቸው ግን የተለያየ ነው። ፍጥረት ከወገኑ ተለይቶ ብዙ ዘመን ከቆየ ሌላ ዘር ይሆናል አለ። እኔም እናንተ አሌክሳንድሪያ ናችሁ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መሀላችን የፖቶማክ ወንዝ አለ፤ ልጃችን ተሻግራ ስትቀር ምን ልትሆን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ይኸው ነው።

የኖህ አባት አቶ ኪዳኔ፣ የመጣነው ልጅ ልንጠይቅ እንጂ ጢንዚዛ ልንጠይቅ አይደለም አሉኝ። አብረዋቸው የመጡት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ደግሞ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ሊሉን ነው? አሉ። የእርስዎን አላውቅም፣ እኛ እንኳ ከደብረ ማርቆስ ነን አልኳቸው። አቶ ኪዳኔን ሻዩ ትን አላቸው። ሰውየውን ወደድኳቸው፤ ይህን ለኖህ እንዳትነግሪ።

እሑድ እሑድ ስትመጪ የምትበዪው ሰናፍጭ አሁንም ፍሪጅ ውስጥ አለ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ የነካው የለም። እኔ ሰናፍጭ አልበላም፤ ቦታም ይዞብኛል። አልጣልኩትም።

ለማንኛውም ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ይምጡ በያቸው። እሺ እላለሁ። ስለ ጢንዚዛም ትንፍሽ አልልም፤ የቀረውን ለሠርጉ ንግግር አስቀምጬዋለሁ።

እግዚአብሔር ትዳርሽን ያቅናልሽ፤ የምትገቢበት ቤት ይሙቅልሽ፤ ልጆችሽም የሚቀልድባቸው አጎት አይጡ።

አንቺ ግን ቅዳሜ በጠዋት ነይ። ወንበር የሚደረድር ሰው ያስፈልገኛል። ወንበሮቹ አራት ናቸው፤ ቢሆንም ጊዜ ይፈጃሉ።

አጎትሽ