ሁለተኛው ባለ አንድ ዓይን

ኅዳር 9 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ መቱ

ዛሬ ከቢሮ ስወጣ ባጃጅ ይዤ የቤተ ክርስቲያናችንን አዲስ በር የሚቀርጸው ኦብሳ ዘንድ ሄድኩ። ሥራው የት እንደደረሰ እንዳይ ሰበካ ጉባኤው ልኮኝ ነው። በዋንዛው ሳንቃ ላይ የጸሎተ ሐሙስን ማዕድ ቀርጾበታል። ጌታችን መሃል ላይ ከሁሉም ገዝፎ ተቀምጧል። ሐዋርያቱ ወደ እኛ ዞረው በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። ይሁዳ ግን ፊቱን ወደ ጎን ስላዞረ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው በአንድ ዓይን እንደሚሣል ከልጅነቴ አውቃለሁ።

ግን ይሁዳ ብቻውን አይደለም። ከማዕዱ ጫፍ ሌላ ባለ አንድ ዓይን አለ፤ እጁ ላይ የታጠፈ ነገር ይዟል።

"ይሄኛው ደግሞ ማነው?" አልኩት።

"እንጨቱ ተሰንጥቆብኝ ነው ጋሼ። ለሁለተኛው ዓይን ቦታ አጣሁ።"

"የያዘውስ?"

"ዳቦ ነዋ!"

ዳቦ እንደ ወረቀት አራት ማዕዘን ሆኖ ይታጠፋል? ስንጥቁንም በጣቴ ብዳብስ አላገኘሁትም። ኦብሳ የአስተዳዳሪያችን የቄሱ አማች ነው። እኔ ደግሞ ባለፈው ወር ቄሱን ከስሼ ለሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ስሜን አላሰፈርኩበትም። ለሚስቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ታዲያ ማን ነገረው? ወይስ እኔው ነኝ የማበዛው?

"ለማንኛውም ሁለተኛ ዓይን ጨምርለት፤ ምእመናኑ እንዳይሳሳቱ" አልኩት፣ እንደ ዘበት።

መሮውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ።

"ምነው ጋሼ፣ ያውቁታል እንዴ?"