ኦቦ ገመቹ የሰቀሉት የእሳት ማጥፊያ

ሰኞ

አልፈርምም አልኩ። አከራዬ ኦቦ ገመቹ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው ወጡ። አካሄዳቸው አልጣመኝም።

እዚህ ሰበታ እሳቸው ግቢ ከተከራየሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ስንት ጊዜ ለምነናቸዋል! ዛሬ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ቀይ የእሳት ማጥፊያ ገዝተው በረንዳው ላይ ሰቀሉ። ወዲያው ወረቀት አመጡ፤ «ማጥፊያውን ተረክበናል፤ ከእንግዲህ እሳት ቢነሳ ተጠያቂው ተከራይ ነው» ይላል። ጎረቤቴ ሰናይት ልጇን እንዳዘለች ፈረመች።

«ምን ቸገረሽ፣ ወረቀት ነው» አለችኝ።

ወረቀት ነው! የቆጣሪው ሽቦ ተልጦ እየታየ።

ማክሰኞ

ሥራ የለም። የገበሬውን መሬት ወደ ከተማ ይከልላል የተባለው የማስተር ፕላን ነገር እንደገና ተቀስቅሶ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ታክሲ የለም፤ ፋብሪካውም አልከፈተም።

ሥራ ስፈታ ማጥፊያውን ቀረብ ብዬ አየሁት። ፋብሪካው ስቶር ውስጥ ስለምሠራ ስለ እሳት አሠልጥነውናል። ጠቋሚዋ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆን አለባት። ይቺ ቀዩ ላይ ተኝታለች። ባዶ ነው!

ታዲያ ያውቃሉ? ባዶ ዕቃ ሰቅለው፣ ጥፋቱን በእኛ ላይ አስፈርመው ምን ሊያደርጉ ነው? ቤቱን ራሳቸው ሊያቃጥሉት? ራሴን ታዘብኩት። ማሰቤን ግን አልተውኩም። ማጥፊያውንም ሽቦውንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁ።

ኦቦ ገመቹ ከጓሮ ሆነው አዩኝ።

ረቡዕ

በጠዋት ኦቦ ገመቹ ደጄ ላይ ቆመዋል። «ማል ባርባዳ? ምን ትፈልጊያለሽ? ለማን ነው ፎቶ የምታነሺው?»

«ለራሴ ነው፣ ኦቦ። ማጥፊያዎ ባዶ ነው።»

መርፌዋን ባሳያቸውም እሳቸው የሚያዩት ስልኬን ነው። «ከመሬት አስተዳደር ነው የላኩሽ?» አሉኝ።

ለካ እሳቸውም እኔን ነው የሚጠረጥሩት! የወንድማቸው ማሳ እንዲሁ ፎቶ ተነሥቶ፣ ተለክቶ፣ በወሩ ታጥሮ ተወሰደ። ይህንንም ግቢ ከእርሻቸው ቆርሰው ነው የሠሩት፤ ካርታ የለውም።

«ወሩ ሲያልቅ ልቀቂልኝ» ብለው ሄዱ።

ፎቶውን አላጠፋሁትም።

ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ሰናይት ስትጮኽ ሮጬ ወጣሁ። የቆጣሪው ሽቦ ይንጣጣል፤ እሳቱ ወደ በሯ ተሻግሯል። ማጥፊያውን አውርጄ ፒኑን ነቀልኩና ተጫንኩት። ምንም! ሰናይት ባልዲ ይዛ መጣች።

«ውኃ እንዳትደፊ! ኤሌክትሪክ ነው!»

በደረቅ እንጨት ብሬከሩን አወረድኩት። ኦቦ ገመቹ አካፋ ይዘው ደረሱ፤ አፈር እየዛቁ እየወረወሩ አጠፉት። የሰናይት በር ግማሹ ከስሏል። ልጇ ደህና ነው።

ኦቦ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። ማጥፊያውን አንስተው አገላበጡት። «ባለሱቁ ሙሉ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ» አሉ። ወረቀቱን የጻፈላቸው አማቻቸው እንደሆነም ነገሩኝ። እሳት ተነስቶ ሰው ከተጎዳ አከራይ ይታሰራል፣ ካርታ የሌለው ግቢም ይወሰዳል ብሎ አስፈራርቷቸዋል።

ላምናቸው ፈለግሁ። ግማሹን አመንኩ።

ቅዳሜ

መንገዱ ተከፈተ። ኦቦ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዘው መጡና ሽቦው ተቀየረ። ከዚያ የሰናይትን ፊርማ የያዘውን ወረቀት ፊታችን ቀደዱት፤ ለእኔ ባዶ ወረቀት ሰጡኝ።

«አንቺ ጻፊው።»

ጻፍኩ። ሽቦው፣ ቆጣሪው፣ ማጥፊያውን ማስሞላት የአከራይ፤ ምድጃ ለኩሶ መርሳት የተከራይ። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ቃል ደብቄ እንደሆነ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«መሬቱን ሊወስዱ የመጡ ዕለትስ? ተጠያቂው ማን እንደሆነ የቱ ጋ ነው የጻፍሽው?»

«እሱ የለበትም፣ ኦቦ።»

የእስክሪብቶ ቀለም አውራ ጣታቸው ላይ ቀባሁላቸው። ጣታቸውን ከወረቀቱ በላይ ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተጫኑት፤ ወረቀቱንም ለእኔ ሳይሰጡ ይዘውት ገቡ።

ስለ መልቀቄ አላነሱም። እኔም አልጠየቅኩም።